ድንቄም ሼፊልድ

ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ «ለጤናዬ ይመስገን» ብዬ እንዳልጀምር ጉልበቴ ይታዘበኛል። ብቻ አለሁ። ጆሮሽ ስልክ እንደማይወድ ስለማውቅ ባለማንሳትሽ አልተቀየምኩም። ልጄ ሶልያና «በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ቴክስት አድርግላት» ትለኛለች። ቴክስት! ከልጅነት ጀምሮ የተዋወቅን ሰዎች በአውራ ጣት ልናወራ!

ቶሮንቶ እንዴት ናት ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለት ዓመት ቆይተሽ መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። ቀድመሽ ብትጠይቂኝ ይሉኝታ ይዞኝ እዋሽሽ ነበር።

ቶሮንቶ ከተማ አይደለችም። ሰዎች አውራ ጎዳና ዳር ሕንፃ አቁመው ረስተውት የሄዱበት ቦታ ናት። የምንኖረው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሊፍቶቹ አንዱ ዘወትር ብልሽት ነው፤ ሌላውን ሶፋ የሚያመላልስ ሰው ይዞታል፤ የቀረውን ሕፃን በጋሪ፣ ሩዝ በጆንያ የያዘ መንደርተኛ በሙሉ ይጋፋበታል። ትከሻሽን ገፍቶ «ሶሪ» ይልሻል። እዚህ አገር ሶሪ ማለት ይቅርታ እንዳይመስልሽ፤ ዞር በይ ማለት ነው። ደግሞ ዳገት የሚባል ነገር የለም። ሸለቆ አለ ብለው በመስኮት አሳዩኝ። እሱንም በመኪና ሞልተውታል። ሻዩንማ ተዪው።

የሶልያና ባል ብሩኬ ቤት አሻሻጭ ነው። ሥራውን አልናቅኩበትም። ግን ፎቶውን አውቶቡስ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበሮች ላይ አስለጥፏል። ሰው የልጄ ባል ፊት ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል። እሱ ይኮራል። እኔን «ፋዘር» ይለኛል፤ አባትም አይል፣ ስሜንም አይጠራ።

እሁድ እሁድ ደግሞ «ከሰው ተቀላቀል» ብለው ዳንፎርዝ ይወስዱኛል፤ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ከፍተው፣ ስለ ታክሲና ስለ ቤት ዋጋ እየጮሁ የሚውሉበት መንገድ ነው። «ከየት ነህ?» ይሉኛል። «ከሼፊልድ» ስላቸው ይስቃሉ። «አይ፣ ትክክለኛውን ማለታችን ነው» ይላሉ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ የአባቴን እጅ ይዤ ሼፊልድ የገባሁ፣ እዚያ ድምፄ የጎረነነ፣ እዚያ ሠርቼ፣ እዚያ አግብቼ፣ ሚስቴንም እዚያው የቀበርኩ ሰው ከየት ልሁንላቸው?

ትዝ ይልሻል ጽጌ? በረዶ ሲጥል ከማንኪያ ፋብሪካችን ትሪ ሰርቀን ያን ዳገት ተንሸራተን የወረድነው? የካስል ገበያ የዓሣ ሽታ? የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ያ ጢማሙ፣ «ና ግባ፣ ላቭ» ሲለኝ? ወንድ ወንድን «ፍቅሬ» የሚልበት ሌላ ከተማ ካለ ንገሪኝ። ፋብሪካ የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አለቃችን ኤሪክ አራት ሰዓት ላይ ሁላችንንም ለሻይ ሲሰበስበን፣ ከግድግዳው ማዶ ማንኪያ የሚቀጠቅጠው መዶሻ እንደ ደወል ሲደውል፣ እናንተ አወልዋዮቹ ወገባችሁ ላይ ቡናማ ወረቀት አስራችሁ፣ በቀይ ሻሽ ተጠምጥማችሁ፣ ፊታችሁ ጥላሸት ለብሶ እየሳቃችሁ ስትወጡ... የትኛዋ ፈረንጅ፣ የትኛዋ ሐበሻ እንደሆነች አይለይም ነበር። ሁላችንም ጥቁር ነበርን።

ልመለስ ቆርጫለሁ። አንቺ ሰፈር ባዶ ቤት ካለ ፈልጊልኝ። አንድ ክፍል ይበቃኛል። ሶልያና አታውቅም፤ እንዳትነግሪያት።

ሰብስቤ

*

ሼፊልድ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብስቤ፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ እየሳቅኩ፣ አንዴ ጥርሴን እየነከስኩ። ስለ ጤናዬ ስላልጠየቅከኝ ደህና ነኝ።

ድንቄም ሼፊልድ! ይህን የምትጽፍልኝ እኔ እዚህ እንደምኖር ረስተህ ነው? ለቱሪስት ነው የምታወራው? ካስል ገበያ ከፈረሰ ዓመታት አለፉ። ቦታው አጥር ብቻ ሆኖ ስንት ጊዜ ቆሞ ነበር። ፋብሪካችን ተማሪ የሚኖርበት አፓርታማ ሆኗል። እኛ እናወለውልበት የነበረው ክፍል ውስጥ ጂም ከፍተውበታል። ጥላሸት ስንተፋ በዋልንበት ክፍል ልጆቹ ላብ ለማውጣት ይከፍላሉ። በመስኮት አይቻቸው ስስቅ አንዷ እጇን አውለበለበችልኝ።

መዶሻው እንደ ደወል ነበር ብለሃል። እውነትህን ነው። አንተ ዕቃ ማሸጊያ ክፍል ነበርክ፤ ርቆ ሲሰማ ያምር ይሆናል። ግድግዳውን ተደግፌ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰምቼ አላውቅም። ቅዳሴ የማውቀው የሰዎቹን ከንፈር አይቼ ነው። ሰው ሲሰግድ እሰግዳለሁ።

ሁላችንም ጥቁር ነበርን ያልከውን ደግሞ ለብቻው አነበብኩት። እነሱ ማታ ታጥበው ይነጡ ነበር፣ ሰብስቤ።

ሻሹንማ ስለ ውበታችን ያሰርነው አስመሰልከው። ፀጉራችን ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ ነው። አብራን ታወለውል የነበረችውን የመርሴዲስን ፀጉር ከነቆዳው ሲወስደው አንተም እኔም ቆመን አይተናል። ደሙን በመጋዝ ብናኝ ሸፍነው ከሻይ በኋላ ሥራ ቀጠልን። ለምን እሱን አልጻፍክልኝም?

ስለ ዳንፎርዝ ሰዎች፣ ስለ ልጅህ ባል፣ ስለ ሊፍቱ ገጽ ሙሉ ጽፈህልኛል። የልጅ ልጅ እንዳለችህ ሶልያና በስልክ ለሩሃማ ነግራት ነው የሰማሁት። ሩሃማን ታውቃታለህ፤ የሟቹ ወንድሜ ልጅ፣ እዚያው ያላችሁበት አገር የሄደችው። የልጅ ልጅህ ስም ማነው? ስንት ዓመቷ ነው? ያን ሁሉ ገጽ ስትሞላ የት ተደብቃብህ ነው?

ስለ ቤቱ ሌላ ጊዜ።

ጽጌ

*

ቶሮንቶ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌ፣

እንዴት ነሽ? ይኸው ስለ ጤናሽ ጠየቅኩ። ቅር ካሰኘሁሽ ይቅርታ፤ ግን ምን ብዬ እንዳስቀየምኩሽ አሁንም አልገባኝም። ሰው ያደገበትን ቦታ ቢወድ ወንጀል ነው? አንቺ እዚያው ስላለሽ አይታይሽም። ዓሣ ውኃን አያመሰግንም።

ልጅቷ ጸዮን ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው። አማርኛ አትችልም፤ እንግሊዝኛዋም የእኔ እንግሊዝኛ አይደለም። አነጋገሬን ታስመስልብኛለች። እናቷ «አያትሽን አታሹፊበት» ስትላት «እንዲህ እኮ ነው የሚያወራው» ብላ ታለቅሳለች። እንግዲህ ይኸው፣ ስለ ልጅቷ ጻፍኩልሽ።

ከደብዳቤሽ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ። ዳንፎርዝ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠን ጸጋአብ የሚባል ጡረተኛ፣ በሱዳን በኩል መጥቶ ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ተነሳብኝ። ስለ ሼፊልድ ብረት እያስረዳሁ ነበር። በዓለም ላይ ጥሩ ማንኪያ ከተነሳ የእኛ ነው እያልኩ።

«አንተ እዚያ ምን ነበርክ?» አለኝ።

«ማሸጊያ ክፍል።»

«ማንኪያውን አልሠራኸውማ። ሳጥን ውስጥ ነው የከተትከው።»

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም የቀረኝን ነገርኩት። ታክሲ ውስጥ አርባ ዓመት ተቀምጠህ ያየኸው የሰው ማጅራት ነው፣ አልኩት። ሰማይ የማያውቅ ሰው ስለ ሰማይ አያወራም፣ አልኩት። ምድረ የኋላ መስታወት አልኳቸው ሁሉንም። ያኔ ብሩኬ ተነስቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ይቅርታ አድርጉልን፤ ፋዘር ትንሽ ሆምሲክ ሆነው ነው፣ አገር ናፍቋቸው» አለ። ስለ እኔ ይቅርታ ጠየቀ! አግዳሚ ላይ የተለጠፈ ሰው!

ያንኑ ዕለት ትኬት ቆረጥኩ። በሶልያና ኮምፒውተር ስለቆረጥኩት በማግስቱ አገኘችው። እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ እየከተተች ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣

«ልትጎበኝ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«የአንድ ጉዞ ትኬት ነው፣ አባዬ።»

የጠረጴዛውን ፍርፋሪ ለቀምኩ።

«እዚህ አንድም የምትወደው ነገር የለም? አንድም?»

ዝም አልኩ። ለእውነት ስል ነው ዝም ያልኩት።

«እኔስ?» አለች።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ብሩኬ ገባና ስለ ፓርኪንግ ማውራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነን። ሰላም እንባባላለን። ቁርሴን ታቀርብልኛለች።

መቼ ነው ካልሽ፣ ለፋሲካ እደርሳለሁ። ቤት ካላገኘሽልኝ አንቺ ሶፋ ላይ እስካገኝ አርፋለሁ። እንደ ጥንቱ በዓሉን አብረን እንውላለን።

ሰብስቤ

*

ሼፊልድ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብስቤ፣

ለፋሲካ አትምጣ። አይመቸኝም። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

«ዝም ያልኩት ለእውነት ስል ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቆርጬ ልመልስልህ ፈልጌ ነበር። ደብዳቤውን አላበላሽም ብዬ ተውኩት። እውነት ከወደድክ ግን እኔም ትንሽ ልስጥህ።

ኤሪክ ለሻይ ይሰበስበን ነበር አልክ። ሻዩን የምታፈላው አንተ ነበርክ። ማሰሮውን ተሸክመህ በሁሉም ክፍል ትዞር ነበር። አንተ የምትጠጣው እነሱ ጠጥተው፣ ኩባያ ከተረፈ ነው። ኤሪክ በስምህ ጠርቶህ አያውቅም። «ሰንሻይን» ይልህ ነበር፤ የፀሐይ ብርሃን። ሌሎቹ ለምን እንደሚስቁ አንተም እኔም እናውቅ ነበር።

ስለ ሳጥኑስ?

በገና ዋዜማ ነው። አሥራ ሰባት ዓመትህ ነበር። እነ ኤሪክ ዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ውስጥ አስገብተውህ፣ ክዳኑን በሚስማር መትተው፣ ላዩ ላይ በቀለም «ወደ አፍሪካ የሚመለስ» ብለው ጽፈው፣ ግቢው ውስጥ ትተውህ መጠጥ ቤት ሄዱ። ጆሮዬ ያኔ ደህና ነበር። ሻሼን ረስቼ ስመለስ ስትደበድብ ሰማሁህ። በመፍቻ ነቅዬ አወጣሁህ። ሱሪህ ረጥቦ ነበር። ቤትህ ድረስ ኮቴን አልብሼ ወሰድኩህ። በሩ ላይ በማርያም አስማልከኝ፤ ለማንም እንዳልናገር። አልተናገርኩም። ለአንተም ጭምር። ይኸው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ሥራ ገብተህ ሻያቸውን አፈላህ። እሱን አልነቅፍም፤ የት ትሄዳለህ? እኔም ሄጄ ማንኪያዬን አወለወልኩ። የምንቅብህ አሁን ኤሪክን ናፍቀህ ልጅህን ስትንቅ ነው።

አትምጣ።

ጽጌ

*

ሼፊልድ፣ ከአንቺው ቤት
ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይዘሮ ጽጌ፣

እንኳን አደረሰሽ፤ ካደረሰሽ።

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ያን ዳገት ስወጣ ሦስት ቦታ ቆሜያለሁ። በሩን ስመታ ጎረቤትሽ ዶሪን ብቅ ብላ ቁልፍና የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። «እንደምትመጣ ነግራኝ ነበር፤ ግትር ነው ብላኛለች» አለች። ወረቀቱን ስከፍት ሬክስዴል! የቶሮንቶ ሬክስዴል! ሩሃማ ዘንድ! እኔ ውቅያኖስ ስሻገር አንቺ በዚያኛው አቅጣጫ ከላዬ አልፈሻል። እኔን ለማሾፍ ነው? ሽሽት ነው? አይመቸኝም ብለሽ ዝም ከምትዪ «አገርህ እየመጣሁ ነው» ማለት ምን ያህል ቀለም ይፈጃል?

ፋሲካን ብቻዬን ዋልኩ። ጾሜን በዓሣና በድንች ጥብስ ፈታሁ፤ መፍታት ከተባለ። ድንቹን የሸጠልኝ ልጅ ቀና ብሎም አላየኝም፤ ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ ሰክቷል። አውቶቡሱ ውስጥ ማሽን ነው የሚናገረው። ሹፌሩ መስታወት ተከልሎ ተቀምጧል። ሰላም ስለው እንደ ሌባ አየኝ። እኔም እኮ ይህንኑ መስመር ነድቼ ነው ጡረታ የወጣሁት! ፋብሪካውን ሄጄ አየሁት። በሩ ላይ ቆሜ ስመለከት አንድ ጥበቃ መጣና «ልረዳህ?» አለኝ። እዚህ ሠርቻለሁ አልኩት። «ዴሊቨሪ?» አለኝ፤ ዕቃ አመላላሽ ነህ ወይ ማለቱ ነው። ፈረንጅ አይደለም እኮ፤ የእኛው ቀለም ነው! ትናንት እዚህ የገባ!

ቤትሽ ይበርዳል። ግድግዳው ሻግቷል። ይህን ለምን አልጻፍሽልኝም? ከአልጋሽ አጠገብ የመስሚያ መርጃ መሣሪያሽን ካርቶን አገኘሁ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ለስንት ዘመን አላደርግም ስትዪ ኖረሽ አሁን ይዘሽው ሄድሽ?

ሳጥኑን በተመለከተ፦ ጨዋታ ነበር። ልጆች ነበርን። አንቺ ነገር ታከብጃለሽ። ዶሪን እንደነገረችኝ የፋብሪካችን ሽማግሌዎች ሐሙስ ሐሙስ እታች መጠጥ ቤት ይሰበሰባሉ። ኤሪክም በሕይወት አለ። ሄጄ አገኛቸዋለሁ። እንዴት እንደሚቀበሉኝ እጽፍልሻለሁ፤ ያኔ ታፍሪያለሽ።

ሰብስቤ

*

ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብስቤ፣

ቁልፉ እጅህ ስለገባ ደስ ብሎኛል። የቤት ማሞቂያው ቦይለር ካስቸገረህ በጡጫ ምታው፤ ሌላ ቋንቋ አያውቅም።

ያልነገርኩህ ፈርቼህ አይደለም። ብነግርህ ኖሮ ከመምጣቴ በፊት ምን መናቅ እንዳለብኝ ሁሉ ትጽፍልኝ ነበር። በዕድሜዬ አንድ ነገር እንኳ ያንተ ንቀት ሳይነካው ማየት አማረኝ። ሩሃማ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ስሙን ብሩህ አለችው። «አክስቴ፣ እናት የለኝም፣ አንቺ ነይልኝ» አለችኝ፣ መጣሁ። እስከ ጳጉሜን እቆያለሁ።

የመስሚያ መርጃውን ሆስፒታል ከሰጡኝ ቆይቷል። እዚያ አላደርገውም ነበር። ዶሪንን ለመስማት? የቦይለሩን ኩርፊያ? እዚህ ግን ሕፃኑ ሌላ ክፍል ሆኖ ቢያለቅስ አልሰማም ብዬ ሰጋሁና አደረግኩት። መጀመሪያ የሰማሁት አውሮፕላን ነው። ሬክስዴል ላይ ጣሪያችንን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ሩሃማ ትራገማለች። እኔ ግን እስኪያልፍ ዝም ብዬ እሰማዋለሁ።

ልጅህ ቤት ሄድኩ። ስልኳን ከሩሃማ ተቀብዬ፣ በአውቶቡስ፣ በምድር ባቡር፣ እንደገና በአውቶቡስ። መጠበቂያው ላይ የብሩኬ ፊት ላይ ተቀምጬ ብስኩት በላሁ። ይመቻል። ያ የረገምከው ሊፍት ውስጥ የማላውቃት ሴት ሻንጣዬን ይዛ አሥራ አራተኛ ድረስ አደረሰችኝ፤ የእሷ ስድስተኛ ነበር። ብሩኬን ደግሞ ልንገርህ፦ አነጋገሩ እንደምትለው ነው፣ ፋዘርም ይልሃል። ግን እራት ላይ ወንበርህን ማንም አይቀመጥበትም። ልቀመጥ ስል «እሱ የፋዘር ነው» ብሎ ሌላ አመጣልኝ።

ከዚያ ሶልያና ወደ ኩሽና ጠራችኝና በሩን ዘጋች።

«እትዬ ጽጌ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባዬ እዚያ በጣም ደስተኛ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«ሁልጊዜ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ጓደኞቹ፣ አለቃው፣ ሻዩ። እኔ ነኝ ያስመጣሁት። እናቴ ስትሞት ብቻውን አይሁን ብዬ። ያን ሁሉ እኔ ቀማሁት።» እንባዋ ጠብ ጠብ አለ። «አሁንም ወደ እነሱ ነው የሄደው።»

ገባህ? ልጅህ ገነትህን የቀማችህ ይመስላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርስህን ስታቀርብልህ ካሣ እየከፈለች ነበር። አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ትበላለህ።

ሳጥኑን አልነገርኳትም። ምዬልሃለሁ። የራሴን ግን ነገርኳት፤ ጆሮዬን፣ የሚጠሩኝን ስም፣ የመርሴዲስን ፀጉር። ሳታቋርጥ ሰማችኝ። በመጨረሻ «አባዬስ?» አለች። «እሱን ራሱን ጠይቂው» አልኳት። «አይነግረኝም» አለች።

ሐሙስህ እንዴት ነበር?

ጽጌ

*

ሼፊልድ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌ፣

እንደምን አለሽ? ሕፃኑስ? ሩሃማን እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ፤ ቀድሜ ማለት ነበረብኝ።

ሐሙስን ጠይቀሻል። አንዱን ሐሙስ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ገባሁ። ክራባት አድርጌ ነበር፤ አትሳቂ።

አምስት ሽማግሌዎች ጥግ ይዘዋል። ኤሪክ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው፤ ያ አንገቱ ቀጥኖ የዶሮ አንገት መስሏል። ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ «ሰንሻይን!» ብሎ ጮኸ። ደስ አለኝ፣ ጽጌ። አልዋሽሽም። ባየኝ ቅጽበት አወቀኝ ብዬ ደስ አለኝ። ቢራ ቀዱልኝ። የሞተውን፣ የታመመውን ቆጠርን። አንቺን የሚያስታውስሽ የለም። «ያቺ ደንቆሮዋ?» አለ አንዱ።

ከዚያ ኤሪክ አስተናጋጇን ጠራትና «ይህን ሰው በሳጥን አሽገን ልንልከው ነበር» ብሎ ጀመረ። ሙሉውን ነገራት። ሚስማሩን ማን እንደመታ፣ ጽሑፉን ማን እንደጻፈ፤ እየተሻሙ። አንዱ ጠረጴዛውን በጣቱ እያንኳኳ እንዴት እደበድብ እንደነበር አሳያት። ለካ ሰምተውኛል። ስደበድብ እየሰሙ ነው ከግቢው የወጡት። እኔ ዘመኔን ሁሉ አልሰሙኝም ብዬ ነበር የማስበው።

ልጅቷ አልሳቀችም። እኔ ግን ሳቅኩ። ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ ሳቅኩ፣ ጽጌ። ከእነሱ አብልጬ። እንዴት እንደሚሳቅ ሰውነቴ ያውቀዋል፤ እኔን ሳይጠይቀኝ ነው የሳቀው።

«ማን አወጣህ ግን?» አለኝ ኤሪክ።

«ራሴ ወጣሁ» አልኩት።

«አቤት ጉልበት! እስቲ ትክክለኛ ስምህ ማን ነበር?»

«ሰብስቤ።»

ሁለቴ ሞከረው። ምላሱ እምቢ አለው። «ተወው፣ ሰንሻይን ይበቃሃል» አለና ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ።

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። «ኤሪክ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሻይህን ያፈላሁልህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ጎበዝ ነበርክ።»

«አንድ ቀን እንኳ ሳልተፋበት ሰጥቼህ አላውቅም።»

ውሸት ነው። አንድ ቀንም አልተፋሁበትም፤ እንዲያውም ስኳሩን እንደሚወደው ለክቼ ነበር የምሰጠው። ግን ፊታቸውን ብታዪው! አምስት ሽማግሌ፣ አምስት ብርጭቆ፣ አንዱም አይነሳ። አስተናጋጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

ድል ያደረግኩ መስሎኝ እስከ ዳገቱ ግማሽ ሄድኩ። እዚያ ግን የሰው አጥር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለሳጥኑ አልነበረም። ልጄ «እኔስ?» ስትለኝ አፌን የዘጋሁት ለእነዚህ ነው? ለአምስት ትንኞች? ጸጋአብን፣ ብሩኬን፣ ያን ሁሉ ሰው አፍንጫዬን ነፍቼ ያየሁት በእነዚህ ተመክቼ ነው?

ደብዳቤሽ የመጣው በማግስቱ ነው። ስለ ወንበሬ የጻፍሽው ላይ ስደርስ አቆምኩ፣ መስኮት ከፍቼ ቆይቼ ቀጠልኩ።

ለሶልያና ደወልኩ። «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለች። «አልሆንኩም፤ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። «ንገረኛ።» «በስልክ አይሆንም። ልመጣ ነው» ስላት ስልኩን ለጸዮን ሰጠቻት፤ ለምን እንደሰጠቻት ገብቶኛል፣ ማልቀሷን እንዳልሰማ ነው።

ቶሮንቶን ወደድኳት ብሎ ነገር የለም። ከሰማይ በታች እንደ እሷ ያለ ሜዳ አላየሁም፤ ሻያቸውንም አልጠጣም። ጸጋአብንም ይቅርታ ስጠይቀው ስለ ታክሲ የተናገርኩትን ብቻ ነው የማነሳው፤ የቀረው ይገባዋል። ብሩኬን ግን ስሜን እንዲጠራኝ እለምነዋለሁ። ካልሆነለት አባባ ይበለኝ።

ሻጋታውን ፍቄ ግድግዳሽን ቀለም ቀብቼዋለሁ። ቁልፉን ስወጣ ለዶሪን እመልሳለሁ። ግንቦት 26 ቀን ማክሰኞ ቶሮንቶ እገባለሁ፤ ሶልያና ኤርፖርት ትጠብቀኛለች። አንቺም ከሬክስዴል ቅርብ ነሽ፤ ነይ። ሳጥኑን ልነግራት ነው። ያስማልኩሽን መሐላ ፈትቼልሻለሁ። ስናገር እንደ ልማዴ ቀልድ ላድርገው እችላለሁ፤ ያኔ አቁሚኝ። የዘለልኩት ካለም አንቺ ንገሪያት።

ሰብስቤ